ስለ ቢራቢሮ ማሳደግና ስለ ጎረቤታችን ጥያቄ



ባለፈው ክረምት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ አጠገብ ሁለት ወር ገደማ ቆይተን ነበር። ያረፍንበት ቤት በጓሮው አንድ ያረጀ የሎሚ ዛፍ ነበረው። በሐምሌ ወር መጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ ጸሎታችንን አድርሰን በዛፉ ሥር ስንመላለስ፣ በቅጠሎቹ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ተለጥፎ አየን። የወፍ ኩስ ግን አይራመድም፤ ይህኛው ይራመድ ነበር። ጠጋ ብለን ስንመለከት የሎሚ ቢራቢሮ ትሎች መሆናቸውን ዐወቅን። ስድስቱን ከነቅርንጫፋቸው ቆርጠን በካርቶን ሣጥን ውስጥ አኖርናቸው፤ የሣጥኑንም አፍ በሻሽ ሸፈንነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ ለጋ ቅጠል እየለቀምን እንመግባቸው ጀመር።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን የጓሮው አዋሳኝ የሆኑ አንድ አረጋዊ ሙስሊም ገበሬ በአጥሩ ተደግፈው ሲመለከቱን ቆዩና፣ «አባ፣ ቅጠሉ ለምን መድኃኒት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ለትል ቀለብ እንደ ሆነ ነገርናቸው፤ ሣጥኑንም አምጥተን አሳየናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም፣ «ይህንኑ ትል እኔ ከችግኜ ላይ እየለቀምሁ እረግጠዋለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ይቀልቡታል። ሁለታችንም ደግ ሠራን ልንል አንችልም» አሉን። እኛ ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የተናገሩት ለቀልድ አልነበረምና።

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው የእሳቸው ጥያቄ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀን ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን እንናገር። ቢራቢሮ ማሳደግ የጀመርነው ገና በዘርአ ክህነት ሳለን ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተምሩን የነበሩ አንድ አረጋዊ ካህን መስታወት የተገጠመለት ሣጥን ነበራቸው፤ በውስጡም ቢራቢሮዎች በስፒል ተወግተው በረድፍ ተሰድረው ነበር። ውበታቸውን እያደነቅን ስፒሉን ማየት ግን አንወድም ነበር። ስለዚህ ከመግደል ማሳደግን፣ ከመውጋትም ፎቶግራፍ ማንሣትን መረጥን። በዚያን ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ብቻ ያነሣ ነበር፤ የማሳጠቢያውንም ዋጋ ከኪስ ገንዘባችን ስለምንከፍል፣ አንዲቱን ለማንሣት ግማሽ ቀን እንጠብቅ ነበር። ዛሬ በስልካችን ያንኑ ያህል በአንድ ደቂቃ እናነሣለን። ትዕግሥታችን ግን ከፊልሙ ጋር ሳይቀር አልቀረም።

ሥራው ላልሞከረው ሰው ቀላል ይመስላል። እናቲቱ ከስፒል ራስ የማይበልጡ እንቁላሎችዋን አንድ በአንድ በለጋ የሎሚ ቅጠል ላይ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የምትወጣው ትል በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ሆና የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ቆዳዋን ደጋግማ ከገፈፈች በኋላ ግን እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ትሆናለች። ሲነኳት ከራስዋ ኋላ እንደ ሹካ የተከፈለ ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ ታደርጋለች፤ ሽታውም እጅን በሳሙና ካላጠቡት አይለቅም። ጠግባ ስታበቃ መብላት ትተዋለች፤ ከአፍዋ በምታወጣው የሐር ክር ወገብዋን ከእንጨቱ ጋር ታስርና፣ ወደ ደብረ ዳሞ በገመድ እንደሚወጣ መነኩሴ ወደ ኋላዋ ዘንበል ብላ ትቆማለች። በማግሥቱ ቆዳዋ ወልቆ ጠንካራ ሽፋን ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። ቅጠሉ በየዕለቱ ካልታደሰ፣ ኩሳቸውም ካልተጠረገ ሻጋታ ይገድላቸዋል። ከስድስቱ አንዲቱን ያጣናት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለሁለት ቀን ወደ ውጫሌ ሄደን ሳለ የሚጠርግላቸው አልነበረም።

የአገሩ አቀማመጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሐይቁ ዙሪያውን በተራራ ተከቦ ውኃው መውጫ የለውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በውኃው ዳር ቆሞአል፤ ቀድሞ ደሴት የነበረው ስፍራ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞአል። የገዳሙ ዛፎች ስላልተቆረጡ፣ በዙሪያው ባለው እርሻ መካከል የነፍሳት መጠጊያ ሆነዋል። ከዚያ ወደ ሰሜን የአምባሰል ገደሎች ይነሣሉ። ስሙን ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስለ ተሸከመው አምባሰልን ያላየው ሰው እንኳ በጆሮው ያውቀዋል። ምእመናን ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በሚወጡበት ሰሞን፣ ዐደይ አበባ በፈነዳበት መስክ ሁሉ ቢራቢሮ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ቢራቢሮዎች አንዱ ዝርያ በመጸው ወራት ከአውሮፓ ተነሥቶ የሰሐራን በረሃ አቋርጦ ወደ አፍሪካ ይመጣል። ክብደቱ ከአንድ ግራም በታች የሆነ ፍጥረት ይህን ያህል መንገድ መብረሩን ስናስብ፣ ስለ መንገድ ድካም የምናሰማው ምሬት ያሳፍረናል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ልንነግራቸው ፈልገን ነበር። ሆኖም የእሳቸውን ወገን በሙሉ ኃይሉ ሳናስቀምጥ መልስ መስጠት ተገቢ አይደለም። እሳቸው የወሎ ሰው ናቸው። የ1966 ዓ.ም. ረሀብ ጎረምሳ ሳሉ፣ የ1977ቱ ደግሞ ጎጆ ወጥተው ልጆች ካፈሩ በኋላ አገኛቸው። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎ አጠፋ፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ በዚሁ መንገድ አለፈ። ተምች ምንድን ነው? የእሳት እራት ልጅ ነው። የእሳት እራትና ቢራቢሮም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለእሳቸው «ቢራቢሮ» እና «ተምች» ብሎ መለየት፣ ጠግቦ ያደረ ሰው የሚያወጣው ልዩነት ነው። ከመካከላችን ለትል ቅጠል ሲለቅም ሊታይ የማይገባው ሰው ቢኖር፣ ሕዝቡ በሚሰጠው መባ የሚኖረው ካህን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ክርክር ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2416 እንስሳት በመኖራቸው ብቻ እግዚአብሔርን እንደሚባርኩና እንደሚያከብሩ ያስተምራል። በቁጥር 2418 ደግሞ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይከለክላል፤ እንስሳትን ያለ ምክንያት ማሠቃየትንና መግደልን፣ እንዲሁም አስቀድሞ ለሰው ልጅ ችግር መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእነርሱ ማዋልን። ብዙዎቻችን እንደ ዝንባሌያችን ከሁለቱ አንዱን መርጠን እንይዛለን። ጎረቤታችን ሳያነቡት ሁለተኛውን ይዘው መጡብን።

በቅድሚያ ወደ አፋችን የመጣው መልስ የጥቅም መልስ ነበር። ቢራቢሮ አበባን ታዳቅላለች፤ አገር ትጠቅማለች ልንላቸው ነበር። ነገሩ በጥቅሉ እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ትሎቹን ስንመግብ ስለ ማዳቀል አንድም ቀን አላሰብንም፤ የሎሚ ቢራቢሮም ለእሳቸው ችግኝ የምትሰጠው ጥቅም ከምትበላው ቅጠል እንደሚበልጥ ልናሳያቸው አንችልም። ያደረግነውን በሌላ ምክንያት አድርገን ሳለ ሰሚ የሚወደውን ምክንያት መስጠት ሐሰት ነው። ስለዚህ ዝም አልን። ያደረግነው ማየት ስለ ወደድን ነው።

ማየትን መውደድ ታዲያ ኃጢአት ነውን? እ.ኤ.አ. በ1647 በፍራንክፈርት የተወለደችው ማርያ ሲቢላ ሜሪያን በ13 ዓመትዋ ትሎችን ማሳደግ ጀመረች። በዘመንዋ ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ በራሱ ይፈጠራል ብሎ ያምን ነበር። እርስዋ ግን በየዕለቱ እየመገበች፣ እያንዳንዱን ደረጃ ከሚበላው ቅጠል ጋር ሣለች። በ52 ዓመትዋ ከልጅዋ ጋር በመርከብ ወደ ሱሪናም ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1705ም ሥዕሎችዋን በመጽሐፍ አወጣች። ከጥቅም አስቀድሞ ማየት ነበረ። የትኛው ትል የትኛውን ቅጠል እንደሚበላ ዛሬ ገበሬው ከባለሙያ የሚሰማው፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ስላየ ነው። ይህም ቢሆን ጎረቤታችንን ሙሉ በሙሉ የሚያረካ አይመስለንም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚከብደን ነገር እንመጣለን። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አንድ የስብከት ታሪክ አለ። አንድ ሰው ቢራቢሮ ከሽፋንዋ ለመውጣት ስትታገል አይቶ አዘነላትና በመቀስ ቀደደላት፤ ከዚያ በኋላ ክንፍዋ ተጨማድዶ ቀረ፤ ትግሉ ያጠነክራት ነበርና። ይህን ታሪክ እኛም በስብከት ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ በሌላ ስፍራ፣ አባቱን በጦርነት ያጣ አንድ ተማሪ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት አጥቶ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ ለእርሱም ነገርነው። በዚያን ቀን በእጃችን ገንዘብ ነበር፤ ለሌላ ነገር አስበነው ነበር እንጂ። ልጁ በአክብሮት ሰማን፣ አመሰገነን፣ ሄደ። ትምህርቱን ትቶ በቀን ሥራ መሰማራቱን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው።

በሐይቅ በነሐሴ ወር አጋማሽ አንዲት ቢራቢሮ ከሽፋንዋ ግማሽዋ ከወጣ በኋላ ተጣብቃ ቀረች። የቤቱ ባለቤቶች የአሥር ዓመት ልጅ አጠገባችን ነበረች። «አባ፣ ውኃ ላርስላት?» አለችን። እኛም ታሪኩን ነገርናት፤ እንድትተዋትም አዘዝናት። ማታ ስንመለስ ጉንዳን ወርሮአት ሞታ አገኘናት። ልጅቱ ምንም አላለችም። ሣጥኑን ግን ከዚያን ዕለት በኋላ መጥታ አላየችውም።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን መርምረናል፤ አስቀድመን ልንመረምረው ይገባን ነበር። የቢራቢሮ ክንፍ የሚዘረጋው ከሽፋንዋ ከወጣች በኋላ ከሰውነትዋ ፈሳሽ ወደ ክንፍዋ ሥሮች እየገፋች ስትሞላው ነው። ለዚህም ተንጠልጥላ የምትቆይበት ስፍራና ጊዜ ያስፈልጋታል። ተጣብቃ የምትቀር ቢራቢሮ ብዙ ጊዜ የታመመች፣ ወይም አየሩ ያደረቃት ናት። እኛም ብርዱን ፈርተን ሣጥኑን ከከሰል ማንደጃው አጠገብ አድርገነው ነበር። ያደረቅናት እኛው ነን፤ ከዚያም በትግልዋ እንድትጠነክር ፈረድንባት። በሥራው የቆዩ ሰዎች እንዲህ ባለ ጊዜ በውኃ ጠብታ ሽፋኑን ያለሰልሳሉ፤ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱም አይድንም። ልጅቱ ያለችው ይህንኑ ነበር።

መከራ ሰውን ሊያጸና እንደሚችል አንክድም፤ ይህን የሚያውቅ ግን ራሱ መከራውን የተሸከመው ነው። ማንደጃውን ያስጠጋው ሰው ይህን ቃል ለመናገር ምን ሥልጣን አለው? በረሀብ በሚታወቅ አገር ይህ ምሳሌ በተለይ ከካህን አፍ ሲወጣ አደገኛ ነው፤ እጃችንን ለመሰብሰብ የተቀደሰ ምክንያት ይሰጠናልና። ለተማሪው መልእክት ልከናል። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቢራቢሮን ለትንሣኤ ምሳሌ ስለምታደርጉ በዚህም ላይ ጥቂት እንበል። ምሳሌው የቆየ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት በሰበከው ስብከት የሐር ትልን መለወጥ ከትንሣኤ ጋር አያይዞ አንሥቶአል። ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ እ.ኤ.አ. በ1577 በጻፈችው «የውስጥ ግንብ» የነፍስን መለወጥ በዚሁ ትል ገልጻዋለች፤ ነገሩን ከሌሎች ሰምታ እንጂ በዓይንዋ አይታ እንዳልሆነ፣ ስሕተት ቢገኝበትም ጥፋቱ የእርስዋ እንዳልሆነ ትናገራለች። ይህ ቅንነት እኛን በመቀሱ ታሪክ ጊዜ ባገኘን ኖሮ!

አንድ ወጣት መምህር ሣጥኑን አይቶ፣ «ትልዋ በሽፋኑ ውስጥ ሞታ ነበር?» ሲል ጠየቀን። አልሞተችም። ሽፋኑን በቀስታ ብትነኩት ይንቀሳቀሳል። አብዛኛው ሰውነትዋ ፈርሶ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ሕይወትዋ አልተቋረጠም። ጌታችን ግን በእውነት ሞቶአል። ስለዚህ ትንሣኤን በቢራቢሮ ብቻ የተማረ ልጅ፣ የጌታችን ሞት እንደ እንቅልፍ ያለ ነገር ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ምሳሌው ይልቅ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ ዓይነት የእሳት እራት ትሎችን ከአንድ ሽታ ጋር ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት እየሰጡ ሽታውን እንዲሸሹ አስተማሩአቸው። ትሎቹም (ትምህርቱ ለእነርሱ አስደሳች እንዳልነበር ግልጽ ነው) ወደ እሳት እራትነት ከተለወጡ በኋላ፣ በትልነታቸው መጨረሻ የተማሩት ያንኑ ሽታ ሸሹ። መልክዋ፣ ምግብዋና አካሄድዋ ሁሉ ተለውጦ ሳለ ያገኛትን ነገር አልረሳችም። የተነሣው ጌታም የችንካሩን ምልክት ለቶማስ አሳይቶአል። ልጆቻችን፣ «በመንግሥተ ሰማያት እኔ እኔው ነኝን?» ብለው ሲጠይቁን፣ በዚህ በኩል ብንጀምር የተሻለ ነው እንላለን።

ስለ ፎቶግራፉም አንድ ነገር ቀርቶናል። በዚያው ሰሞን አንድ የመዘምራን አባል የሆነ ወጣት በዐደይ አበባ ላይ የተቀመጠች እጅግ ያማረች ቢራቢሮ አንሥቶ አሳየን። አደነቅንለት። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ፣ ቢራቢሮዋን በለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶ ካደነዘዛት በኋላ አበባው ላይ እንዳስቀመጣት ነገረን። (የነገረን በመንገድ ላይ ነው፤ በኑዛዜ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍነው።) እንዲህ ማድረግ በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። ልጁ ብልህ ነውና ተከራከረን፦ ትልዋ ራስዋ የወፍ ኩስ መስላ ወፍን ታታልል የለምን? እኛም ቅዱስ አጎስጢኖስ ሐሰትን የለየው በማታለል ፈቃድ መሆኑን አስታወስነው። ትልዋ ኩስ ልምሰል ብላ አልመከረችም፤ እርሱ ግን የምታርፍ መስላ እንድትታይ አስቦ አቀዘቀዛት። እኛን ያሳዘነን የተመልካቹ መታለል ብቻ አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ቢራቢሮ በአበባ ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ ሳያይ መቅረቱም ነው። ምስሉን አገኘ፤ ቢራቢሮዋን አላያትም።

ከስድስቱ አንዲቱ ቢራቢሮ አልሆነችም። ሽፋንዋ ጠቆረ፤ አንድ ቀንም በጎኑ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ደቃቅ ተርቦች ተራ በተራ ወጡ። እናታቸው እንቁላልዋን በውስጥዋ ጥላ ነበር፤ እነርሱም ከውስጥ በልተው ጨረስዋት። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1860 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸር አምላክ እንዲህ ያሉ ተርቦችን ሆን ብሎ ፈጠረ ብሎ ለማመን እንደተቸገረ ገልጾአል። ጥያቄውን በቀላሉ የሚያልፍ ካህን ሣጥን ከፍቶ አላየም ማለት ነው። እኛም በዚያን ዕለት ዳዊታችንን ደገምን እንጂ መልስ አላገኘንም። ጎረቤታችን ግን ተርቦቹን ባዩ ጊዜ ደስ አላቸው፤ «እነዚህስ የእኔ ወገን ናቸው» አሉ።

የቀሩት ሦስቱ በጳጉሜን ውስጥ በሰላም ወጡ። የመጨረሻዋ የወጣች ዕለት አረጋዊው በአጥሩ በኩል እንዲመጡ ጠራናቸው። ክንፍዋ እርጥብ ጨርቅ መስሎ ተንጠልጥሎ፣ ቀስ በቀስ ተዘረጋ፤ በጥቁር ላይ የፈሰሰው ቢጫ ነጠብጣብ ታየ። «ማሻአላህ» አሉ። ይህ የዚያ የሚረግጡት ትል መሆኑን ያውቁ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ግን አይተው አያውቁም ነበር። ጥቂት ቆይታ ተነሣች፤ በቀጥታም አጥሩን ተሻግራ ወደ ችግኞቻቸው ወረደች። ተያየን። በዚህ ጊዜ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ከዳዊት በኋላ አጥሩን ተሻገርን። ችግኞቹ 43 ናቸው። እሳቸው በምሳር እጀታ ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ጎንበስ ብለን ቅጠሉን እየገለጥን የቀሩትን ትሎች በጣሳ እንለቅም ጀመር፤ ለቅመንም ወደ አሮጌው ዛፍ ወሰድናቸው። እስከምንሄድበት ቀን ድረስ በየጠዋቱ ይህንኑ አደረግን። ወገባችንን እያመመን ከረድፉ ዳር ስንደርስ ከኋላችን ድምፃቸው ይሰማ ነበር፦

«አባ፣ ከታች ያለችውን አልፈዋታል።»